ከሊዝበን የመጡ ሽማግሌዎች

ወይዘሮ ጀማነሽ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ሽማግሌ ላኩ። የላኩት ግን ወደ ሰው ቤት አልነበረም፤ ወደ ገዛ ቤታቸው ነበር።

ወይዘሮ ጀማነሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቂርቆስ ሰፈር ከልጅ እስከ ዐዋቂ «ቲቸር» እያለ የሚጠራቸው ሴት ናቸው። ወንዙን ከነገባሩ፣ ተራራውን ከነከፍታው በቃላቸው ይዘው አውሮፓን ለስንቱ ልጅ አሳይተዋል፤ እሳቸው ግን አላዩአትም። ስለዚህ ካዛንቺስ ባንክ ቤት የሚሠራው ልጃቸው ፍሬአብና እኅቱ ሰብሊ ተማክረው፣ «እማዬ፣ በዚህ ክረምት አውሮፓ እንወስድሻለን» ያሏቸው ዕለት፣ እንደ ልጃገረድ እጃቸውን አጨበጨቡ።

ደስታቸው እራት ሳይቀርብ ተሸራረፈ። ልጆቹ ከተማውንም መርጠው ጨርሰው ኖሯል።

«ፓሪስ!» አለ ፍሬአብ፣ ስልኩን ወደ እናቱ ፊት አስጠግቶ። «በቃ፣ ማማው ሥር ቆመሽ ፎቶ ትነሻለሽ። ጓደኞችሽ በቅናት ይቃጠላሉ።»

«ሊዝበንስ?» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ ቀስ ብለው።

«ሊዝበን ደግሞ ምን አለ?» አለች ሰብሊ እየሳቀች፤ ወሬው ወደ ሆቴል ዞረ።

ሊዝበን ምን እንዳለ እሳቸው ያውቃሉ። በትምህርት ቤታቸው የነበረው የአውሮፓ ካርታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሸራ ካርታ። በየክፍሉ ሲጠቀለልና ሲዘረጋ ከርሞ ግራ ጠርዙ ተቀደደና ፖርቱጋል ከነዋና ከተማዋ ተገንጥላ ወደቀች። መምህርቷ ቁራጯን ቤታቸው ወስደው፣ በቀይ ክር ሰፍተው ወደ አህጉሯ መለሷት። ከዚያ ወዲህ መጠቆሚያቸው እዚያ ስፌት ላይ በደረሰ ቁጥር ከተማሪዎቹ አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ «ቲቸር፣ ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ውቅያኖስ ነው።»

«አይተውታል?»

«አላየሁም።»

ያ «አላየሁም» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ውስጥ ተሰንቅሮ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ አልወርድ ብሎ ቀርቷል።

ወይዘሮ ጀማነሽ ግን ተቀባይ ስጦታ አይመርጥም ተብለው ያደጉ ሴት ናቸው። «ፓሪስ አልፈልግም» ቢሉ ልጆቻቸው ይከፋቸዋል፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ጉልበት እንደሆነ በየዓመቱ እየከዳ ነው፣ ሌላ ክረምት ስለመኖሩ ማን ዋስ ይሆናል? የቪዛው ማመልከቻ የሚገባው ሰኞ ነው። እሑድ ጠዋት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ድንገት ቆም አሉ። ሰው ስለ ራሱ መናገር ሲያፍር አገር ያበጀለት መላ አለ አይደለም እንዴ? ፈገግ ብለው ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ትተው ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ወደ ጋሽ መገርሳ ቤት ታጠፉ።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሆቴል እያማረጡ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የፍሬአብ ሚስት ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር፣ በቤቱ ያሉት እናትና ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው። ወይዘሮ ጀማነሽ «ክፈቱ» ብለው እሳቸው ወደ ጓዳ ገቡና ከመጋረጃው ኋላ ተሸሸጉ።

በሩ ላይ ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል። ከፊት፣ ያለ እሳቸው በሰፈሩ ሠርግ ተደግሶ የማያውቀው ጋሽ መገርሳ፤ በቀኝ፣ ቄራ አጠገብ ሥጋ ቤት የነበራቸው ቀልደኛው ሐጂ ጃዋር፤ በግራ መምሬ ገብረክርስቶስ።

«ይግቡ ጋሽ መገርሳ! ይቀመጡ እንጂ!» አለ ፍሬአብ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መገርሳ፣ ደፉን አልፈው ዘንጋቸውን ተደግፈው። «ጉዳያችንን ሳናደርስ አንቀመጥም።»

ፍሬአብ ወደ እኅቱ ዞረ። አልቀመጥም ብሎ ቆሞ የሚናገር ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

«ማነው እሱ?» አለ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን ዐውቃለሁ!» አለች ሰብሊ፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«የመጣነው ዘመድ ፍለጋ ነው» ቀጠሉ ጋሽ መገርሳ። «ከዚህ ቤት ያለችውን ጨዋ ለእኛ ልጅ እንድትሰጡን ልንለምን ነው።»

«ሰብሊን?»

«ሰብሊ የራሷ ቀን አላት። እኛ የመጣነው ለእናትህ ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ ወይዘሮ ጀማነሽ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ።

«ለእማዬ?» አለ ፍሬአብ ድምፁ ቀጥኖ። «ጋሽ መገርሳ፣ ምን ነካዎት?»

«ምነው?» አሉ ሐጂ ጃዋር። «አምና ሚስት ስትፈልግ የላክኸን እኛን አይደለም እንዴ? ለአንተ ሲሆን ወግ፣ ለእናትህ ሲሆን ጉድ?»

«ሰውየው ማነው ታዲያ?»

«ስሙ ሊዝበን ይባላል።»

«ፈረንጅ ነው?» ፍሬአብ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

የሰብሊ ዐይን ግን ወደ ጓዳው መጋረጃ ሄደ። ከመጋረጃው በታች የእናቷ ነጠላ ጫማ ይታያል። ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንደ ትልቅ ሰው ተስተካክላ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ልጅ ሰጪ እንደመሆናችን እንጠይቃለን» አለች። «ዘሩ ከወዴት ነው?»

«በአባቱ ወንዝ፣ በእናቱ ውቅያኖስ» አሉ ጋሽ መገርሳ ሳያመነቱ።

«ዕድሜው?»

«ሮምን ይበልጣታል የሚሉ አሉ። ግን እንደ ዕድሜው አይደለም፤ ጥርሱ አልወለቀም።»

«ጠባዩስ?»

«ዳገት ይበዛዋል፤ አንዋሽም።»

«ይኸው!» አለ ፍሬአብ፣ ነገሩ ገብቶት። «እማዬ ጉልበቷን ያማታል።»

«ቢጫ ባቡር አለው» አሉ ሐጂ። «ዳገቱን የሚወጣው ባቡሩ ነው፤ እሷ ቁጭ ብላ ታያለች።»

«የምንሄደው በነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ነው» አለች ሰብሊ ወደ መምሬ ዞራ። «ምን በልታ ትከርማለች?»

«ልጄ» አሉ መምሬ ገብረክርስቶስ፣ «ባቄላና የወይራ ዘይት ባለበት አገር ጾመኛ ተርቦ አያውቅም።»

ፍሬአብ ተነሣ። ፈገግ ብሏል፤ ስልኩን ግን አላስቀመጠም። «ጨዋታው ደስ ይላል። ግን ፓሪስ እኮ ዓለም ሁሉ የሚመኛት ናት፤ ሆቴሉንም ዛሬ ልይዝ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ፤ የሊዝበንን ነገር ለከርሞ እናየዋለን።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ሳቃቸው ጠፋ። ቀጠሮ መስጠት የልጅ ሰጪ ወግ ነው፤ ሽማግሌም ቅር አይለውም፣ ተመልሶ ይመጣል። ከርሞ ግን ለሃያ ዓመት ሙሽራ ነው እንጂ ለሳቸው አይሆንም። ከአልጋቸው ሥር አንድ ጥቅል ጎትተው አወጡና መጋረጃውን ገለጡት።

«ኧረ ሙሽራ ሳትጠራ አትወጣም!» ጮኹ ሐጂ ጃዋር።

«በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ እስክትጠራ የምትጠብቅ ሙሽራ ሞኝ ናት» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፤ ጥቅሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

አሮጌው የአውሮፓ ካርታ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ አዲስ ሲያገኝ ለመሰናበቻ የሰጣቸው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ በግራ ጠርዙ ያለው ቀይ ስፌት ግን አሁንም እንደ ትናንት ደማቅ ነው። ፍሬአብ ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው።

«ይህን ክር በመርፌው ቀዳዳ ያስገባሁልሽ እኔ አይደለሁም?» አለ።

«አንተ ነህ። ጥርስህ ወልቆ ነበር፤ ክሩን በምራቅህ ስታርስ አገጭህ ሁሉ ቀላ።»

«ለምን ፊት ለፊት አልነገርሽንም፣ እማዬ?»

«"ሊዝበንስ?" አላልኩም? ምን አለ ብላችሁ ሳቃችሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን አለዘቡ። «ፓሪስ ቆንጆ ናት፤ አላማትም። ግን መሐል ናት። መሐሉን የሚያይለት ሰው አያጣም። እኔ በእጄ የሰፋሁትን ዳር ማየት ነው የምፈልገው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በዐይኔ ላየው እፈልጋለሁ።»

ፍሬአብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የሸሚዙን አንገት አስተካክሎ በሽማግሌዎቹ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባቶቼ፣ ስላቆምናችሁ ይቅርታ። ሰጥተናል።»

«ሰጥተናል!» አለች ሰብሊ። «ሚዜ ሆነን ግን አብረን እንሄዳለን።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ሌላ እልል ባይ አልጠበቁም፤ ለራሳቸው እልልታውን ራሳቸው አቀለጡት። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶች ግር ብለው ገብተው ሰብሊን «እንኳን ደስ አለሽ!» እያሉ ያንገላቱ ጀመር፤ እሷ «እኔ አይደለሁም፣ እማዬ ናት!» ባለች ቁጥር እልልታው እየባሰ ሄደ። ሽማግሌዎቹም እፎይ ብለው ተቀመጡ።

በነሐሴ፣ አዲስ አበባ ጭቃ ላይ ጭቃ ስትደርብ፣ ወይዘሮ ጀማነሽ ከሊዝበን ወጣ ብሎ፣ የአውሮፓ ምድር በምዕራብ በኩል በሚያልቅበት ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ነበር። ነፋሱ ነጠላቸውን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልበዋል። ከታች ውኃው ዓለቱን ይመታል፤ ከፊት ለፊት ሰማይና ባሕር እንጂ ሌላ ነገር የለም። ዝናብ ይመጣል ብለው ከአገር ይዘውት የሄዱትን ጃንጥላ፣ አንድ ጠብታ ያላየውን፣ እንደ መጠቆሚያቸው ቀና አድርገው ወደ ፊት ዘረጉት።

ፍሬአብ ከኋላቸው እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። «ቲቸር፣ ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ውቅያኖስ ነው!»

«አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ!» ብለው ጮኹ፤ አጠገባቸው ፎቶ የሚነሡት ቱሪስቶች ሁሉ ዘወር አሉ። «አይቼዋለሁ!»

ሰብሊ ወደ ጋሽ መገርሳ ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። በቂርቆስ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«ቲቸር፣ ሙሽራው እንዴት ነው?»

«ነፋሻ ነው፣ ጋሽ መገርሳ። ግን ቃሉን ጠብቋል።»

«እንግዲህ አደራዎን፣ ሁለተኛ አንላክም፤ ቆሜ ወገቤ ተቆረጠ።»

«ጋቢዎን ብቻ አሳጥበው ያስቀምጡ» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ጨው የለበሰ ከንፈራቸውን እየላሱ። «የካርታው ቀኝ ጠርዝም ሳስቶ ነበር።»