ሟርት ብለህ አትጻፍ

ኑርጃን ስብሰባ ላይ መናገር የምትወድ ሴት አልነበረችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀበሌ ሲጠራ ትሄዳለች፣ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች፣ ፈርሙ ሲባል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትምና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር እሑድ ቀን፣ ሊቀ መንበሩ ደሳለው «አዲሱ ትምህርት ቤት ከጋራው ሥር፣ ከምንጩ አጠገብ ይሠራል፤ መሠረቱ ሐሙስ ይቆፈራል» ሲል ግን ሳታስበው ብድግ አለች።

«እዚያስ አይሆንም። ጋራው ተሰንጥቋል።»

ቤቷ እዚያው ጋራ ሥር ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ምንጩ ዝናብ ሳይኖር እየደፈረሰ ይወርዳል። የአጥሯ እንጨቶች ሁሉ ወደ ቁልቁል ዘመዋል። ሣር የምታጭድበት አፋፍ ላይ ደግሞ መስከረም ላይ ጣት የማያስገባ የነበረው ስንጥቅ አሁን የፍየል እግር ይውጣል።

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ደሳለው አቋረጣት።

«ኑርጃን ደግሞ ሟርት ጀመረች! ልጆቻችን ፊደል ሊቆጥሩ ነው ስንል ጋራ ይናድባቸዋል ትለናለች። ይኸ ፀረ ልማት ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ከሳቁ ይልቅ የከነከናት የሼህ አዩብ ንግግር ነበር። ሼሁ የመንደሩን ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው ቁርአን የተማሩት ከአባቷ ዘንድ ነው።

«ልጄ፣ በገድና በምልኪ ማመን በዲናችን ክልክል ነው» አሏት። «ዱዓ እናደርጋለን፤ አላህ ይጠብቀናል።»

«ቁራ ጮኸብኝ አላልሁም ሼሁ። ሕልም አየሁም አላልሁም። መሬቱ ተሰንጥቋል ነው ያልሁት።»

ሊበተኑ ሲሉ ጸሐፊው አስናቀው ቃለ ጉባኤውን አነበበ። መጨረሻው ላይ «ወይዘሮ ኑርጃን ሙሐመድ በልማቱ ላይ ሟርት ተናግረው በቤቱ ተገሥጸዋል» ይላል። ተራዋ ደርሶ የቀለሙ ቆርቆሮ ሲቀርብላት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ሟርት የሚለውን ሰርዝ።»

«ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም» አለ አስናቀው።

«እንግዲያው ጣቴም አይታተም። ሟርተኛ ክፉ እንዲመጣ የሚመኝ ነው። እኔ የማንን ልጅ ሞት ተመኘሁ? ትንቢትም አልተናገርሁም፤ እሱ የነቢያት ነው። ያየሁትን ምልክት ነው የነገርኋችሁ። ምልክት ብለህ ጻፍ።»

«የማዳበሪያ ዝርዝር ላይ ስምሽ እንዲኖር ከፈለግሽ ፈርሚ» አለ ደሳለው።

«ሰርዘው። ባቄላ ዘርቼ አድራለሁ፤ ባቄላ ማዳበሪያ አይጠይቀኝም።»

ጥላቸው ወጣች። ጎረቤቷ በዛች ሮጣ ደረሰችባት። «ምናለበት ብታትሚ? አንዲት ቃል አይደለች እንዴ?»

«ጋራው ቢናድ በአፏ ጠራችው ይሉኛል። ባይናድ ሟርተኛ እንደተባልሁ እቀራለሁ። ቃሊቱ በሁለቱም በኩል ታስረኛለች፣ በዛች። አላትምም።»

ረቡዕ ጠዋት ሼህ አዩብ ደረሳዎቻቸውን እያስተማሩ ከተቀመጡበት ሄደች። ሰላምታ ከሰጠች በኋላ አልተቀመጠችም።

«ነገ ዱዓ የሚያደርጉበትን ቦታ ዛሬ ይዩት ሼሁ። አይተው ውሸት ነው ካሉ እሑድ በሰው ሁሉ ፊት አትማለሁ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ከዘራቸውን አንሥተው ተከተሏት። አቀበቱ ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ስንጥቁን ዐይተው ከዘራቸውን ሰደዱበት። ገባ። ገፋ ሲያደርጉት እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ከዘራቸውን መዘው አወጡና፣

«አፉ በይኝ ልጄ» አሏት።

ሐሙስ ሰዉ ዶማና አካፋውን ይዞ ሲመጣ ኑርጃንና ሼሁ ለመሠረቱ በተተከሉት ችካሎች መካከል ቆመው ጠበቁት። ደሳለው ጮኸ፣ ዛተ፤ ሼሁም «መጀመሪያ ውጣና እይ፣ ከዚያ ቆፍር» ከማለት ፈቀቅ አላሉም። ሰዉ ዶማውን መሬት ላይ ማስቀመጥ ሲጀምር ደሳለው እየተነጫነጨ ወጣ። ስንጥቁን ዐይቶ ሲወርድ አስናቀውን ጠርቶ «ቦታው ከመንገድ ስለራቀ ግንባታው ወደ ሜዳው ተዛውሯል ብለህ ጻፍ» አለው።

«አሁንም አላትምም!» አለች ኑርጃን። ድምፅዋ ከሰዉ ሁሉ በላይ ተሰማ። «ከመንገድ ራቀ ያለ ማነው? በምን ምክንያት እንደተዛወረ ይጻፍ!»

አስናቀው ሊቀ መንበሩን ቀና ብሎ ዐየ። ከዚያ መልስ ሳይጠብቅ አቀርቅሮ ጻፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ወይዘሮ ኑርጃን በመሬቱ ላይ ያዩትን ምልክት ስላመለከቱ፣ ሼህ አዩብም ስላረጋገጡ፣ ቦታው ተቀይሯል።»

«ድገመው» አለችው። ደገመው። ያን ጊዜ አተመች።

ትምህርት ቤቱ ሜዳው ላይ ተሠራ። ሦስት ክረምት አለፈ፣ ጋራው ግን አልተናደም። አንድ ቅዳሜ ከመካነ ሰላም ገበያ ስትመለስ ደሳለው መንገድ ላይ አገኛትና ሳቀባት።

«ኑርጃን! ያ ጋራሽ ቆሟል እኮ!»

«ይቁም! አልሐምዱሊላህ! ከጋራው ጋር ምን ጠብ አለኝ? ልጆቹ ሜዳው ላይ እስካሉ ሺህ ዓመት ይቁም። ስንጥቁ ግን ዘንድሮ ሰፍቷል። ከሥሩ የቀረነው አምስት ቤት ነን፤ ለእኛም ሜዳ ያስፈልገናል። ነገ ስብሰባ አለ አይደል?»

«አለ» አለ ደሳለው፣ ሳቁ እየጠፋ።

«እናገራለሁ» አለችና አልፋው ሄደች።