ሽብልቅ ነቃይዋ

የጫማ ፋብሪካው ሶል ቆራጭ «ነገረኛዋ» የሚሏትን የሥራ ባልደረባውን አይወዳትም ነበር። ደግሞስ ማን ይወዳታል? ከሰው ማሽን ጋር የተጣላች ሴት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የመቁረጫው ስለት የሚወርደው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ ሲጫኑ ነው፤ ሁለቱም እጆች ቁልፉ ላይ ከዋሉ ስለቱ ሥር የሚገባ እጅ አይኖርም። ብልጦቹ ቆራጮች ግን አንዱን ቁልፍ በእንጨት ሽብልቅ ወጥረው፣ በአንድ እጅ እየተጫኑ በሌላው ሶል ይለቅማሉ። ሥራው ይፈጥናል፤ አለቃውም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ነገረኛዋ ራሷም ቆራጭ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከማሽን ማሽን እየዞረች ሽብልቁን ትነቅላለች።

«እጁ የኔ! አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ይላታል ሶል ቆራጩ።

«እጁ ያንተ፤ ጩኸቱን የምንሰማው ግን እኛ ነን።»

አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ሽብልቁን ነቅላበት ይዛው ሄደች። እሱም እያጉረመረመ ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ቤቱ ነበር፤ ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። አንድ ሶል ተሰንቅሮ ሲያስቸግረው ግራ እጁን ስለቱ ሥር ሰደደ፤ ቀኙ ደግሞ ልማድ ሆኖበት ቁልፉን ተጫነ።

ስለቱ አልወረደም።

እጁን መንጭቆ አወጣ። የቆዳ ክምር ላይ ዘፍ ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ተነሥቶም ሥራውን ቀጠለ።

የዚያኑ ቀን ከምሳ በኋላ አለቃው ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ይቺ ሴት ሥራ አስተጓጉላለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብታለች። የሚቃወም አለ?»

ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። ሶል ቆራጩ ሚስቱን አሰበ፤ ሥራ ፈት አባት መሆንንም አሰበ። ከዚያ ግራ እጁን አየና የመጣው ይምጣ አለ።

«እኔ እቃወማለሁ። ዛሬ ሽብልቁን ባትነቅልብኝ ኖሮ ልጄን የማቅፈው በአንድ እጄ ነበር። እሷ ከወጣች እኔም ማሽኑን አልነካም።»

«እንግዲያው አብረሃት ውጣ!»

«እኔንም ይጨምሩኝ» አሉ ሙጫ ቀቢው ሽማግሌ። ሰፊዎቹ ሴቶች ተነሡ፤ ቆራጮቹም ተከተሉ። አለቃው የቆሙትን ማሽኖች አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በሉ፣ ወደ ሥራ!» አለ። ነገረኛዋም ስትገባ አልከለከላትም።

ሶል ቆራጩ ማሽኗ ድረስ ሄደ። 

«እህቴ፣ ውለታሽን በምን ልመልስ?» አላት ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

እሷም ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «የጆሮ መከላከያህን በማድረግ! እሱንስ ደግሞ የት ጣልከው?»

እንባውን ሳይጠርግ እየሳቀ ሊፈልገው ሄደ።