የሃምሳ አለቃው ሹራብ

ጋሼ ወልደሚካኤል በተቀበሩ ማግስት፣ ታናሽ ወንድማቸው ኃይለየሱስ፣ ጠሂራ ወደምትሠራበት ክር መሸጫ ሱቅ መጣ።

«እህቴ፣ ነገ ሠልስት ነው። ዘመድ ከአገር ቤት ይመጣል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወታደር ነበር፤ እንደ ወታደር ይለቀስለት። የሹራቡን ነገር አደራሽን፣ እንዳታነሺብን።»

«ምን ነውር አለው?»

«የሴት ሥራ ነዋ!»

ጠሂራ ጎንበስ አለች። ከባንኮኒው ሥር፣ ሟቹ ሳይታመሙ የጀመሩት ግራጫ ሹራብ በፌስታል ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ዓመት ለሰው ሲሠሩ ኖረው ለራሳቸው የጀመሩት የመጀመሪያው ነው። የቀረው ግማሽ እጅጌ ነበር።

ሥራውን የተማሩት እግራቸውን ቆስለው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ነው። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ካፖርታቸውን ሸጠው ክር ገዙ፤ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄደው የብስክሌት ጎማ ራጂ ሽቦ አስሞርደው መርፌ አደረጉ። ከዚያ ከሱቁ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። መርካቶ ደግሞ ያየውን አያልፍም። ማሙሸት የሚባለው ተሸካሚ በተለይ፣ ጆንያ ተሸክሞ እንኳ አፉ አያርፍም።

«ሃምሳ አለቃ! ወንዱ ሹራብ ከሠራ አሮጊቷ ምን ትሥራ?»

«ያንተን ጆንያ ትሸከማ! ይልቅ ካልሲህን ስፋ፣ አውራ ጣትህ አገር እያየ ነው!»

ጠሂራን ያስተማሯት እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ስትጀምር ሁለቱን መርፌዎች አንድ ላይ ይዛ ክሩን እንድትጠመጥም፣ አለዚያ አንገቱ ጠቦ ጭንቅላት እንደማያሳልፍ አሳዩአት። የተተረተረ አሮጌ ክር አርጥባ ወንበር መደገፊያ ላይ ብታደርቀው ጥቅልሉ እንደሚለቅ ነገሯት። ክሩን ስታጠብቅ ጣቷን በመርፌ ጫፍ ነካ እያደረጉ፣ «ምነው፣ ሌባ ነው እንዴ የምታስሪው?» ይሏታል። ከሁሉ በላይ ግን ቀዩን ክር አስተማሯት። አንድ ስንዝር በተሠራ ቁጥር፣ መርፌው ላይ በተደረደሩት፣ ዓይን በሚባሉት የክር ቀለበቶች ሁሉ ቀጭን ቀይ ክር ያሳልፋሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቢበላሽ የሚተረተረው እስከ ቀዩ ክር ብቻ ነው።

«መመለሻሽን ሳታበጂ ወደፊት አትሂጂ» ይሏት ነበር። «እኛ ሳናበጅ ሄደን አይተነዋል።»

ኃይለየሱስ እንደወጣ ጠሂራ ሹራቡን አነሣች። ለሠልስቱ ጨርሳ ልትወስደው ነበር። ግን እጇ በንዴት ጠበቀ፤ ከሰዓት በኋላው ሲጋመስ እጅጌው እንደ ጠርሙስ አንገት ቀጥኗል። አለቀሰችና ተረተረችው። ክሩ እየተንሸራተተ መጣ፣ መጣ፣ ቀዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከቀዩ በፊት ያለው የእሳቸው እጅ ነበር፤ አንዲት ዓይን አልተነካችበትም። እዚያው ላይ ተወችው።

በማግስቱ ድንኳኑ ሞልቷል። አልቃሿ የሟቹን ፎቶ ይዛ ትዞራለች፤ አንድ ጎረምሳ የወታደር ካፖርት ከፍ አድርጎ ይከተላታል። ጀግናው፣ ተኳሹ እየተባለ ይለቀሳል። ጠሂራ ካፖርቱን ስታይ ደሟ ፈላ። ሹራቡን ከነመርፌው አንሥታ መሐል ገባች።

«ይሄ ካፖርት የእሳቸው አይደለም!»

ልቅሶው ቀጥ አለ።

«የእሳቸውን ሸጠው ክር ገዝተውበታል። ይሄ የተዋሳችሁት ነው። የእሳቸው ልብስ ይሄ ነው፣ በእጃቸው የሠሩት!»

«አውርጂ! ታዋርጂናለሽ እንዴ?» ኃይለየሱስ ክንዷን ያዘ።

«አላወርድም፣ ጋሼ ኃይለየሱስ። እሳቸው ያላፈሩበትን እኔ አላፍርበትም።»

ከኋላ አንድ ሰው ጎሮሮውን ጠረገ። ማሙሸት ነበር። እግሩን አግዳሚው ላይ ሰቅሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ወፍራም፣ ባለመስመር ካልሲ ታየ።

«ሃምሳ አለቃን ለማንም እንዳትናገር ብዬ አሠርቼው ነበር» አለ። «አልተናገረብኝም።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁም አለቀሱም። ኃይለየሱስ ክንዷን ለቀቀ። አልቃሿ ትንሽ አመነታችና ድምፅዋን እንደገና አነሣች፤ የግጥሟ ቤት ግን አሁን ስለ ሟቹ እጅ ነበር።

ጠሂራ ካፖርቱን ከያዘው ጎረምሳ አጠገብ ተቀመጠች። መርፌዎቹን አስተካከለች።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ሥራ አይሠራም» አሏት አንዲት ሴትዮ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለችና ከቀዩ ክር ቀጠለች፤ ክሩን ሳታጠብቅ።