ለብቻ የተቀመጠ ሳህን

እማማ አለምወርቅ የልጃቸውን ልጅ ሂላን የሚያዩዋት በመስታወት በር ነበር። ልጅቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ አያቷ ግን አንድ ቀን እንኳ አቅፈዋት አያውቁም። እስራኤል፣ ጊቫት ኦልጋ ባለው ቤት የሚበሉትም የሚተኙትም ባሕሩ በሚታይበት ሚርፐሴት፣ በረንዳው ላይ ነው። ሳህናቸው ለብቻ፣ ኩባያቸው ለብቻ። ምራታቸው ደጅቱ ምግቡን ደፉ ላይ አስቀምጣላቸው ትመለሳለች።

ማንም አላስወጣቸውም። ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን በመጡ በሁለተኛው ዓመት ክንዳቸው ላይ የምርመራ መርፌ የተወጉበት ቦታ አበጠ። ልጃቸው ይርዳው «የሳምባ ነቀርሳ ተሕዋስ አለብሽ» ሲላቸው፣ ራሳቸው ፍራሻቸውን ተሸክመው ወጡ። አገር ቤት ሴት በደሟ ጊዜ ወደ መርገም ጎጆ ትወጣለች፤ ሬሳ የነካም ሰባት ቀን ተለይቶ፣ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። እርሳቸውም በየሰባቱ ቀን ባሕር እየወረዱ ታጠቡ። ግን «ነጽተሻል፣ ግቢ» የሚል ሰው አልመጣም።

ክሊኒክ የሚወስዳቸው ይርዳው ነበር። ያን ማክሰኞ ከሥራ መቅረት ስላልቻለ የጎረቤት ልጅ የምሥራች አብራቸው ሄደች። ነርሷ ኦርኒት ባዶውን የክኒን ብልቃጥ አይታ ደስ አላት።

«ኮል ሀካቮድ፣ ጎበዝ ነዎት ትላለች» ስትል የምሥራች አስተረጎመች።

«ሕፃን መቼ ልያዝ? በያት።»

ሁለቱ በዕብራይስጥ ብዙ ተነጋገሩ።

«እማማ፣ ዛሬውኑ ይያዙ ትላለች። የእርስዎ ተሕዋስ የተኛ ነው፤ ወደ ሰው አይሄድም። የነቃው እንኳ የሚተላለፈው በሳልና በትንፋሽ ነው፤ በሳህን አይደለም፣ በመንካትም አይደለም። ክኒኑ የተኛው እንዳይነሣ ነው።»

«ባሕሩስ? ስታጠብ የከረምኩት?»

«ባሕሩማ ዓሣ ይጠመድበታል እንጂ ተሕዋስ አያጥብም!» ብላ ሳቀች የምሥራች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገረችኝም?»

የምሥራች ጠይቃ መልሱን ስትሰማ ሳቋ ጠፋ። «መጀመሪያ ቀን ነግሬያለሁ ነው የምትለው። ለይርዳው።»

ማታ ይርዳው ሲገባ እናቱ ሳሎኑ መሃል ቆመው አገኛቸው።

«ነግራህ ነበር?»

ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። «እማየ፣ ደጅቱ እርጉዝ ነበረች። አባቴን ሳል ሲጨርሰው አይቻለሁ። ተሕዋሱ ተኝቷል ቢሉኝ እንዴት ልመን? አንቺም ራስሽ ወጣሽ… ዝም አልኩ።»

«ዘጠኝ ወር ሙሉ?»

«ዛሬ ነገ እያልኩ።»

ደጅቱ ከመኝታ ቤት ሂላን ይዛ ወጣች፤ አስታቀፈቻቸው።

ልጅቱ ፊታቸውን አየች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ጮኻ ወደ እናቷ ተንጠራራች።

«ስጭኝ እማየ፣ ቀስ እያለች ትለምድሻለች» አለ ይርዳው እጁን ዘርግቶ።

«ተው» አሉት። «አልቅሳም ቢሆን ትልመደኝ።»

ወንበር በእግራቸው ስበው ተቀመጡ። ልጅቱ ማልቀሷን አላቆመችም፤ እርሳቸውም አልለቀቋትም።