የኦርቪል ምላጭና የሸሚዙ ጭራ

በፔንሲልቬንያ ተራሮች ላይ አጋዘን ተኩሶ የሳተ አዳኝ ሸሚዙ ይቆረጣል። ቀልድ አይደለም፣ ሕግ ነው። ከኋላ ሱሪ ውስጥ የሚገባው የሸሚዙ ጭራ በመቀስ ተሸልቶ፣ የባለቤቱ ስም ተጽፎበት፣ በአደን ጎጆው ግድግዳ ላይ በምስማር ይመታል። በአጎት ሃርመን ጎጆ ካሉት ጭራዎች ደግሞ ግማሹ የኦርቪል ነው። ነፋስ በስንጥቁ ገብቶ ሲያውለበልባቸው ያየ እንግዳ፣ ኦርቪል የሚባል አገር ነጻነቱን ያወጀ ይመስለዋል።

ጥፋቱ የኦርቪል አይደለም፤ እሱ እንዲያ ይላል። ጠመንጃው በመደብሩ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ርካሹ ነው። አፈሙዙ ቀጥ ያለ፣ መነጽሩ ደህና፣ ምላጩ ግን ጉድ ነው! ጣቱን አሳርፎ ሲስበው ምላጩ ንቅንቅ ሳይል ኦርቪል ራሱ ወደ ፊት ይሳባል። አንድ ጊዜ ጎህ ሲቀድ መሳብ ጀምሮ ጥይቱ የወጣው ከምሳ በኋላ ነው። ያነጣጠረባት አጋዘን በመሃሉ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ልጆቿን ድራለች። ሌባ ጣቱም ከመሳብ ብዛት ከአውራ ጣቱ በልጦ ወፍሮ ልኩ የሚሆን ጓንት ጠፍቷል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። ሚስቱ ዊልዳ ቀይና ጥቁር የሱፍ ሸሚዝ ሰፍታ ሰጠችውና ጣቷን ቀሰረችበት።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይኼ የመጨረሻው ነው። ያንተን ቂጥ ሳለብስ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ይኼም ጭራውን አጥቶ ከመጣ ከእንግዲህ ራስህ ትሰፋለህ፣ ያለዚያም እንደ አጋዘኖቹ ራቁትህን ትሄዳለህ።»

«እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? ምላጩን ተቆጪው!»

«አምጣው እስቲ፣ እቆጣዋለሁ።»

ዊልዳ በዕድሜዋ ጠመንጃ ተኩሳ አታውቅም። ሞላ ግን ታውቃለች፤ የአካባቢው የስፌት መኪና ሁሉ ሲታመም የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ኦርቪል ጥይት አለመኖሩን አይቶ፣ እንደገና አይቶ፣ ጠመንጃውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጋደመላት። እሷም እንጨቱን ፈትታ፣ ምላጩን የሚገፋውን ሞላ አውጥታ በጣቶቿ ብትጨምቀው ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ይኼ የጠመንጃ ነው የጭነት መኪና?»

ለዚያው ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ሞላ በፖስታ አስመጥታ አስገባች፤ የምላጩን ክብደት የሚወስነውን ብሎንም አላላች። ኦርቪል የባዶውን ጠመንጃ ቃታ አቀባብሎ ጣቱን ገና ሲያስጠጋ፣ ቀጭ! አለ።

«ዊልዳ! ቅቤ ነው እኮ!» ብሎ ቃታውን እንደገና አቀባበለና ሊስማት ብድግ ሲል ሰደፉ ወለሉን ነካ አደረገ። ማንም ምላጩን ሳይነካው፣ ቀጭ!

ሁለቱም ጠመንጃውን አዩ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ጥይት ቢኖርበት ኖሮ ጣሪያችን…» አለ ኦርቪል።

«ጣሪያውስ ይጠገናል። ላንተ ጭንቅላት ግን መለዋወጫ አይሸጥም። ቁጭ በል።»

ብሎኑን መልሳ አጠበቀችው። ባዶውን ጠመንጃ አቀባብለው ሰደፉን ወለሉ ላይ መቱት፣ ጎኑን በጎማ መዶሻ ቆረቆሩት፣ ቃታውን በኃይል ዘጉት፤ እምቢ አለ። በጣት ሲስቡት ብቻ ሄደ። ምላጩ ላይ የዓሣ ሚዛን አንጠልጥለው ቢስቡ ክብደቱ ከድሮው ከግማሽ በታች ነው።

«ክር ሲላላ ይተበተባል፣ ሲጠብቅ ይበጠሳል። ልኩ ይኼ ነው» አለች ዊልዳ።

አደን የሚከፈትበት ሰኞ ደረሰ። የዊልዳ ወንድም ክሊተስ ገና በማለዳ መቀሱን ቀበቶው ላይ ሰክቶ፣ ከከተማ የገዛውን ውድ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ጎጆው በር ላይ ቆሟል።

«ኦርቪል፣ መቀሱን ስዬልሃለሁ። ዘንድሮ ከየት በኩል ልጀምርልህ?»

«ከምላስህ ጀምር!»

በረዶው ላይ ተበታተኑ። ኦርቪል ወንዙ ዳር ከግንድ ጀርባ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ኮርማ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣ። ቀንዱ ላይ የአንድ ቤተሰብ ልብስ ቢሰጣ ቦታ ይተርፋል። ድሮ ቢሆን ኦርቪል አሁን ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከምላጩ ጋር ትግል ይገጥም ነበር። አሁን ተነፈሰ፣ ጣቱን አሳረፈ፣ ጨመቅ አደረገ። ጥይቱ ሳያስበው ወጣ። አጋዘኑ ዘለለና ወንዙን ተሻግሮ ጫካው ዋጠው።

ክሊተስ ከላይ እየተንደረደረ መጣ። «ሳትክ! በዓይኔ አየሁት፣ ወደ ሠርግ እንደሚሄድ ነው የሮጠው!»

«አልሳትኩም። ጥይቱ ሲወጣ ያነጣጠርኩት ትከሻው ላይ ነበር።»

«በየዓመቱ ምላጩ ነው ስትል ኖረህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትል ነው?»

ኦርቪል የቀረውን ጥይት ሊያወጣ ጎንበስ ባለበት፣ ክሊተስ ከኋላው ሸሚዙን መዞ፣ ሽርርጥ! ጭራውን ወደ ወንዙ ወረወረው። «ግድግዳው ሞልቷል፤ ዓሣዎቹ ይልበሱት!»

ኦርቪል ቀዩ ጨርቅ በውሃው ሲወሰድ እያየ ቆመ። የታየው ወንዙ አልነበረም፤ የዊልዳ ፊት ነው።

ያን ጊዜ አጎት ሃርመን በትራቸውን እየተመረኮዙ ደረሱ። «ደም ፈልጋችኋል?»

ክሊተስ መቀሱን ወደ ቀበቶው መለሰ።

«ክሊተስ፣ አንተን ነው።»

«አልፈለግንም፣ አጎቴ። ምን ያደርጋል፣ ስቷል እኮ…»

ሽማግሌው በትራቸውን ቀሰሩ። በረዶው ላይ የእንጆሪ ፍሬ የምታህል ቀይ ጠብታ አለች። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ። ተከትለው ተሻገሩ፤ ኮርማው ከወደቀ ዛፍ ጀርባ ተዘርሮ አገኙት።

«በዚህ ጎጆ» አሉ ሃርመን፣ «ደም ሳይፈለግ መቀስ አይወጣም። ያላግባብ የቆረጠ የራሱን ይከፍላል። አባቴ የደነገጉት ነው።»

ኦርቪል ይህን ድንጋጌ ሰምቶት አያውቅም። ሽማግሌው እዚያው በረዶው ላይ ቆመው የፈጠሩት መሰለው። ግን ከሕግ ጋር ማን ይከራከራል?

«አጎቴ፣ ይኼ ሸሚዝ እኮ አዲስ ነው!»

«እሰይ፣ መቀሱ ስል ነው ብለሃል። ዙር።»

ማታ ኦርቪል ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ እንደ ሸርጣን በጎኑ ቤት ገባ። ዊልዳ አንድ ጊዜ አይታው «ዙር» አለች። ዞረ። የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ኦርቪል ከኪሱ ሰማያዊውን ጭራ አውጥቶ ወደ ኋላ ዘረጋላት፣ ታሪኩንም ነገራት። ሳቋ የጀመረው መሃሉ ላይ ነው፤ ሲያልቅ ዓይኗን እየጠረገች የስፌት መኪናዋ ዘንድ ተቀምጣለች።

እሑድ አጎት ሃርመን የአጋዘኑን ሥጋ ጠብሰው ሁሉንም ጠሩ። ኦርቪል ቀዩን ሸሚዝ ከሱሪው አውጥቶ፣ ሰማያዊ ጭራውን እያሳየ፣ ጨው ላምጣ፣ ዳቦ ላምጣ እያለ ሁሉም ሰው ፊት ደጋግሞ ተመላለሰ። ክሊተስ እያየ እንዳላየ ሆነ። ኋላ ላይ ግን የራሱን ጠመንጃ ይዞ እህቱ አጠገብ ተጠጋ።

«ዊልዳ፣ እህቴ… ይኼም ምላጩ ትንሽ ከበድ ይላል።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ቀድመህ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ።»