የመጽሐፉ ርዕስ የሚለው ሣጥን

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ነው እኮ፣ የሚጣ አባት!" አለች አስተማሪዋ፣ ወረቀቱን በጣቷ እየመታች።

ቧንቧ ሠራተኛው አባት ለሁለተኛ ክፍል ልጆች በተሠራች ወንበር ላይ ተጣጥፎ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የሱሪው ጫፍ ገና አልደረቀም። ወረቀቱን ያውቀዋል። "ዛሬ ለልጅዎ ያነበቡላት መጽሐፍ ርዕስ" ይላል፤ ሣጥኖቹም የፊርማው ቦታም ባዶ ናቸው። ሚስቱ "አንዱን ስም ጫር አድርግና ተገላገል" ብላው ነበር። እምቢ አለ። ያላነበበውን አነበብኩ ብሎ አይፈርምም።

"መጽሐፍ አላነብላትም" አለ። "እራት ላይ የዋልኩበትን እነግራታለሁ። እሷም መልሳ ትነግረኛለች፤ ከዘለለች አስደግማታለሁ።"

"ጥሩ ነው፤ ግን ወሬ ንባብ አይደለም።"

ወሬ! ጆሮው ጋለ። አራተኛ ክፍል ሳለ ሲያነብ አንዲት መስመር አደናቅፋው፣ መምህሩ ወንበር ላይ አቁመው ክፍሉን በሙሉ አስቀውበታል። ስድስተኛን ሳይጨርስ ወጣ። ያኔ የሳቁት ሁሉ ዛሬ ቤታቸውን ውሃ ሲያጥለቀልቀው የሚደውሉት ለማን ነው?

አስተማሪዋ ክፉ አልነበረችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይስሙኝ፤ ይሄ ካልተሟላ ሚጣ ከሰኞ ጀምሮ ከደካሞቹ ጋር ትመደባለች። የበላይ ትእዛዝ ነው። እኔ ልሙላልዎት።" በሣጥኖቹ ውስጥ የተረት መጻሕፍት ስም ደረደረች። "አሁን እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ከኋላው ቆማ የነበረችው ሚጣ በአባቷ ትከሻ ላይ ተንጠራርታ አነበበች። "አባዬ፣ ይሄን መቼ አነበብክልኝ?"

"አላነበብኩልሽም።"

"ታዲያ ውሸት ነዋ!"

የአስተማሪዋ ፊት ቀላ።

"ቲቸር፣ ልጄ ደካማ መሆን አለመሆኗን ጠይቀው ይድረሱበት" አለ። "ካልሆነች ግን በወረቀት አያድክሟት።"

እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀብሎ የሞላችውን ሁሉ ሰረዘው። ከሥሩ ሊጽፍ አለና ተወው፤ የእሱ እጅ ቀርፋፋ ነው።

"ነይ፣ አንቺ ጻፊ። የትናንቱን።"

"የፈነዳውን?"

"እሱን።"

ሚጣ ጠረጴዛው ላይ በደረቷ ተለጥፋ ጻፈች፦ "ሦስተኛ ፎቅ ቧንቧ ፈነዳ። ሴትዮዋ ድስት ይዛ ቆመች። አባዬ ውሃውን ዘጋው። ሴትዮዋ ግን ድስቱን አለቀቀችም።"

አስተማሪዋ አነበበችውና ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ኮስተር አለች። "እኔ ገብቶኛል። የበላዮቼ ግን ይሄን አይቀበሉኝም።"

"እኔ አስቀብላቸዋለሁ።"

ሚጣ ከጻፈችው ሥር ፈረመ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አለቃው ጋ ደወለ።

"ሰኞ ጠዋት ሥራ አልገባም" አለ፣ አስተማሪዋ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ትምህርት ቤት አለኝ።"