ከብርሃኔ ጀርባ የተቀመጡ ሰዎች

አቶ ሚልክያስ የሰው ፊት ይወዳል። ይወዳል ማለት ግን ያያል ማለት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ለእድሳት ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ከየቤቱ በኮምፒውተር መሥራት ከጀመረ ወዲህ፣ ሰውዬው ሌላ ሥራ የሌለው ይመስል ሌት ተቀን የሚጨነቀው ስለ ካሜራ ሆነ። በስብሰባ ላይ ካሜራውን የዘጋ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ፊቱን የደበቀ ባልደረቦቹን የናቀ ነው። ከጀርባ አልጋ አይታይ፣ የታጠበ ልብስ አይታይ፣ ልጅ አይለፍ፣ ስልክ ይጥፋ። ይህን ሁሉ የተማረው የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ነው አሉ፤ ሁለት ቀን ተምሮ ዓመት ሙሉ ከሚያስተምር ሰው ይሰውራችሁ። የሒሳብ ሠራተኛው ጌቱ አንድ ጠዋት ካሜራው ፊት ዳቦ ሲቆርስ ቢታይ፣ እናቱ እንዳስተማረችው "እንብላ" አለ። ለዚህ ትሕትናው የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

የቢሮው ጸሐፊ ወርቅአፈራሁ ይህን ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ እያሰፈረች በሆዷ ትስቃለች። ውልደቷም እድገቷም ፒያሳ ነው፤ ዛሬም ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አለቃ ሲሾም አለቃ ሲሻር አይታ አይታ ጠግባለች፤ ሚልክያስን የሚያህል ልጅም አላት። "ድሮ አለቃ ሲገባ ብድግ እንል ነበር፤ ዘንድሮ አለቃ ሲገባ አምፖል ሆነን መብራት ጀመርን" ብላ ሙድ ስትይዝበት የቢሮው ሰው ይንከተከታል። ሳቁ ግን የማንንም ካሜራ አላዘጋም። ሥራ የሚፈልግ ሰው ብሩ ስለተባለ ይበራል።

ትእዛዙ ከሁሉ የከበደው ብርሃኔ ላይ ነበር። ብርሃኔ ሪፖርት የምታዘጋጅ ወጣት ናት፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። አንድ ክፍል ውስጥ አልጋን ከሰው ዓይን መሰወር ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ ለሚልክያስ ማን ይንገረው። የሱ ሳሎን ብቻ የሷን ግቢ ያህላል። አልጋሽ ታየ ብሎ በሰው ፊት ከገሠጻት ወዲህ፣ ጠረጴዛዋን አዙራ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መቀመጥ ጀመረች። የግቢው ጫጫታ እንዳይሰማ ደግሞ ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ማዳመጫ ገዛች። እንግዲህ ከኋላዋ ፈረስ ቢገባ አታውቅም።

የዚያ ሰኞ ስብሰባ የተጠራው በጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ሌላ ጊዜ ሦስት ሰዓት ነበር። ለምን እንዲህ ማለዳ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሚልክያስ በበላይ አለቆቹ ዘንድ ማለዳ ተነሺ ተብሎ መታወቅ እንዳማረው ሁሉም ያውቃል። ዓይናቸውን እያሻሹ ቀረቡ። ብርሃኔ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ማቅረብ ጀመረች። ሰንጠረዡ ስክሪኗን ከዳር እስከ ዳር ስለሞላው ለሷ የሚታያት ቁጥር ብቻ ነበር። በሌሎቹ ኮምፒውተር ላይ ግን የሷ ፊት፣ ከፊቷም ኋላ የቤቷ በር ይታያል።

በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የገቡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ወርቅአፈራሁ ወዲያው ለየቻቸው፤ ጋሽ ገነነ፣ የዚያ ሰፈር የእድር ዳኛ፣ በስንቱ ለቅሶ ቤት ያየቻቸው ሰው። ተከትለዋቸው ሴቶች ገቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጎረቤቷ ሸሪፋ አግዳሚ ወንበር ይዛ መጣች። ጋሽ ገነነ ስክሪኑን አይተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ልጅቱ ሥራ ላይ ናት፣ እስክትጨርስ እንጠብቅ ማለታቸው ነው። ከብርሃኔ ጀርባ ተደርድረው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ብርሃኔ "የሥልጠናው አፈጻጸም ካለፈው ሩብ ዓመት የተሻለ ነው" እያለች ነበር። ሸሪፋ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ይህን ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። መርዶ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድም አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው ዘንድ ወዳጅ ዘመድ ማልዶ ይሄዳል፣ ዙሪያውን ይከበዋል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው ነገሩ የሚነገረው። ብርሃኔ ደግሞ ያላት ሰው አንድ ነው፤ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ተስፋሁን፣ ሐዋሳ ሹፌር የሆነው። ሰዎቹ የመጡት ከሥራ በፊት ሊደርሱባት ነበር፤ ሚልክያስ ቀደማቸው።

ጌቱ ፊቱ ሊከዳው ሲል ካሜራውን ዘጋ። ዊንታ የምትባለው ባልደረባቸው ተከተለችው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጠፉ። ምን ያድርጉ፤ ብርሃኔ ድንገት ሰንጠረዡን ዝቅ አድርጋ ብታያቸው መርዶውን ከነሱ ፊት ላይ ታነበዋለች።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ ሚልክያስ፣ ብርሃኔን አቋርጦ። "ጌቱ፣ ካሜራ። ዊንታ፣ ካሜራ። ይኼን ስንት ጊዜ ተነጋገርን? ባልደረባችሁ ሪፖርት እያቀረበች ፊት መደበቅ ምን የሚሉት ንቀት ነው?"

"ኔትወርክ ነው" አለ ጌቱ። ድምፁ ተሰብሯል።

"ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኔትወርክ አይደለም።"

ወርቅአፈራሁ ሰውዬው እስኪያይ ጠበቀች። መቼስ ዓይን አለው፣ ያያል ብላ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ የሚያየው ግን ራሱን ነው። አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ኮሌታውን ይነካካል፣ ከግራ ያምርበት ከቀኝ ይመዝናል። ያን ሁሉ ፊት በትእዛዝ ሰብስቦ አንዱንም አላየም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለካ ለሱ ኖሯል።

"አቶ ሚልክያስ፣ ለጥቂት ደቂቃ እረፍት ብንወጣስ?" አለች።

"እትዬ ወርቄ፣ አሁን እኮ ነው የጀመርነው።"

ለብቻው ጻፈችለት፤ "ብርሃኔን ሊያረዷት የመጡ ሰዎች ከጀርባዋ ተቀምጠዋል። በእመቤቴ፣ አሁኑኑ ያቋርጡት።" አላነበበውም። በስብሰባ መሀል መልእክት ማንበብ ሥነ ምግባር አይደለማ። ደወለችለት። የሌላው ስልክ ይጥፋ እንጂ የሱ አይጠፋም፤ አንስቶ አይቶ ሲዘጋው ሁሉም አዩ። ዘግቶም አልተወው፣ ስብሰባ ላይ ላለ ሰው ስለ መደወል ሌላ ምክር ጀመረ። ብርሃኔ ምክሩ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀች። ከኋላዋ ያሉትም ጠበቁ።

የብርሃኔ ስልክ በደንቡ መሠረት ጠፍቷል። የጋሽ ገነነን ቁጥር ወርቅአፈራሁ አታውቅም። የቀራት እግሯ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን እንደ ተከፈተ ትታ፣ ስብሰባውን በስልኳ ከፍታ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ወተፈች፤ ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ በቤት ጫማዋ ደረጃውን ወረደች። ደርሳ ያንን ኮምፒውተር ክድን ታደርገዋለች። ልጅቱ እንደ ሰው፣ በወዳጆቿ መሀል፣ ቢሮው ሳያያት መርዶዋን ትሰማለች። የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ደግነቱ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ነው። ታክሲ አይታሰብም፤ ጠዋት በዚያ መንገድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው እግረኛ ሲያልፈው እያየ ነው የሚሄደው። ሮጠች፣ በስንት ዘመኗ። ረዳቶቹ "አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ" ይላሉ። አንዱ "ማዘር፣ ቀስ በይ፣ ድልድዩ የትም አይሄድም" አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣለትም ነበር። ጆሮዋ ውስጥ ብርሃኔ ቁጥር ታነባለች፤ ሚልክያስ ደግሞ መሀል ይገባል።

"ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፣ ወንበርዎ ባዶ ነው። ካሜራ ከፍቶ መጥፋት ካሜራ ከመዝጋት አይሻልም።"

ባዶ ወንበር አየ። ሰው የሞላበትን ቤት አላየም። ወርቅአፈራሁ ከባድ ስድብ በልቧ ሰደበችው፤ ራሷ ደንግጣ እዚያው መንገድ ላይ ሆና አማተበች።

ድልድዩ ጋ ዕቃቸውን የሚዘረጉ ነጋዴዎች እግረኛ መንገዱን ዘግተውታል። የካልሲ ክምር ረግጣ አለፈች፤ ከኋላዋ የተባለችውን አልሰማችም። የግቢው በር ታየ። ደጁ ላይ የእድሩ ሰዎች የድንኳን ብረትና ሸራ ይዘው ቆመዋል፤ ልጅቱ ሳትሰማ ሊተክሉት አልደፈሩም። ሸራ የተሸከመ ጎልማሳ እንኳ ይህን ያውቃል።

"አንድ ጊዜ ላቋርጥሽ፣ ብርሃኔ" አለ ሚልክያስ ጆሮዋ ውስጥ። ማን ካሜራ እንደ ዘጋ ማን እንዳልዘጋ እየለየ ሲወርድ፣ በመጨረሻ የሷ ፊት ላይ ደርሶ ነበር። "ከጀርባሽ ያሉት ሰዎች ምንድን ናቸው? እንግዳ የሚስተናገደው ከስብሰባ በፊት ወይ በኋላ ነው። በይ ዞር በይና እንዲወጡ ንገሪያቸው፣ እንጠብቅሻለን።"

"የምን ሰዎች?" አለች ብርሃኔ።

ወርቅአፈራሁ ግቢው መሀል ደርሳለች። የብርሃኔን በር ለመንካት ትንሽ ነው የቀራት። ጩኸቱን መጀመሪያ ከቤቱ ውስጥ ሰማችው። ኔትወርኩ ዘግየት ስለሚል፣ ያንኑ ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ደግማ ሰማችው።

"ማይክ" አለ ሚልክያስ። "እባካችሁ፣ አንድ ሰው የሷን ማይክ ይዝጋልን።"

ገብታ ኮምፒውተሩን ከደነችው። ብርሃኔ መሬት ላይ ነበረች፣ ማዳመጫው ከነ ገመዱ ጆሮዋ ላይ እንዳለ። ጋሽ ገነነም ሸሪፋም ከአግዳሚው ተነስተው ሊደርሱላት ጊዜ አልበቃቸውም። ሊይዟት የመጡት ሰዎች ሁሉ ወድቃ ነው ያገኟት።

ጌቱ በኋላ እንዳወራው፣ ብርሃኔ ከስክሪኑ ስትጠፋ ሚልክያስ ኮሌታውን አስተካከለ። ከዚያ "ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ" አለ። ጌቱ ሳይሰናበት ወጣ። የቀሩትም ወጡ፤ ሰውዬው ከሚወደው ፊት ጋር ብቻውን ቀረ።

በተስፋሁን ሠልስት ሚልክያስ ለቅሶ መጣ። ጥቁር ክራቫት አስሮ፣ የቢሮውን ሰው አስከትሎ። እውነቱን መናገር ነው፣ መምጣቱንስ መጥቷል። ጋሽ ገነነ ማን እንደሆነ ወርቅአፈራሁን ጠየቋት።

"አለቃችን ነው" አለች።

ሽማግሌው ብድግ ብለው ቦታቸውን ለቀቁለት። "ኖር፣ እዚህ ይቀመጡ" አሉት። "ያረዷት እርስዎ ነዎት አሉ። እኛ በየት በኩል እንጀምር፣ ማን አፉን ይክፈት፣ ማን ይያዛት እያልን ስንመካከር ነው የነጋብን። እርስዎ በአንድ አፍ ጨረሱት። የተማረ ሰው ጥሩ ነው።"



"እኔ እኮ አላየሁም ነበር፣ አባቴ" አለ ሚልክያስ።

"ካሜራዋ ክፍት ነበር" አለች ወርቅአፈራሁ። ከዚህ በላይ ብትናገር ለቅሶ ቤት መሆኑን ልትረሳው ነው።

ያኔ ብርሃኔ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ድምፅ የላትም፤ በልቅሶ ብዛት ተዘግቷል። በሸሪፋ ትከሻ ተደግፋ፣ ለአለቃዋ እንደ ደንቡ ከመቀመጫዋ ለመነሳት እየሞከረች፣ "አቶ ሚልክያስ" አለችው። "የዚያን ቀን በጩኸት ስብሰባውን ረበሽኩባችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሚልክያስን አየው። ወርቅአፈራሁ ያን ሁሉ ንቀቷን ለአንድ አፍታ ወደ ጎን አድርጋ ጠበቀችው። በል እግሯ ላይ ውደቅ፣ በል አንተ ጠይቃት፣ ሰው ከሆንክ አሁን ነው እያለች በልቧ ለመነችው። ሚልክያስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ግድ የለም፣ ብርሃኔ" አለ። "ያጋጥማል።"

ይቅር አላት።